የታምቦሪል ፍሬና የወይዘሮ ዙልሚራ ዓይን

ከብቱ የሞተበት ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ጎረቤት አለለት። ይህ የሚባለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ድንጋጤ የያዘው ልብ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል፣ ቅርብ ያገኘውንም ጨብጦ አይለቅም። በፒያዊ ምድር፣ በላጎዋ ሴካ መንደር የሚኖሩት አቶ ኦኖራቶም ድርቁ በጠናበት በዚያ ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በቅሏቸውን ጭነው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ዓይነ ጥላ በጸሎት ያስለቅቃል ወደሚባለው ወደ ሽማግሌው ኤሮቲልዴስ ቤት ሲገሰግሱ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት መገንጠያ ላይ ሻንጣ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት አቧራ ውስጥ ቆማ አዩ። ጠጋ ሲሉ የእህታቸው ልጅ ሊንዳልቫ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው፤ አሁን ባለቤታቸውም የሉም። ሊንዳልቫ ከተማ ገብታ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል።

«አጎቴ፣ እኔን ሊቀበሉ ነው የመጡት? ሳልናገር ልመጣብዎት ብዬ ነበር፤ ማን ነገረብኝ?» አለች ጉንጫቸውን እየሳመች።

«ማንም አልነገረብሽ፤ እግዜር ነው ያገናኘን። እኔ ወደ ኤሮቲልዴስ ነበር የወጣሁት።»

የልጅቱ ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። «ማን ታሞ?»

«ሰው አልታመመም። ሰው ቢታመም ይሻል ነበር ልል ብዬ ፈራሁ።» አቶ ኦኖራቶ ከበቅሎዋ ወረዱ። «ቤታችን ተመቷል፣ ልጄ። ላሞቹ አንዷ ስታስወርድ ሌላዋ ትከተላለች። ያላስወረደችው ደግሞ ቆዳዋ የፈላ ውኃ እንደ ተደፋበት ይላጣል። ያውም ነጭ ነጩ ብቻ። ፊዳልጋ ትናንት ወድቃ አልተነሳችም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ከሰማሁም የሰማሁት በቀድሞ ሰዎች ወሬ ነው።»

«ሐኪም አልጠሩም?»

«የሰው ዓይን ሐኪም የለውም። ዓይን ናት ያበላሸችን፤ የዙልሚራ ዓይን።»

ሊንዳልቫ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። የሰማችውን የሰማች አልመሰላትም።

«የትኛዋ ዙልሚራ? እናቴ ስትሞት ጸጉሬን ይሠሩልኝ፣ ያጎርሱኝ የነበሩት ወይዘሮ ዙልሚራ?»

«እሷው ናት። ድርቁ ሲጀምር ከኩሬው ዳር ቆማ ‹ኦኖራቶ፣ ላሞችህ እንዴት አምረዋል› አለችኝ። ‹እግዜር ይባርካቸው› እንኳ አላለችም። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዋ አስወረደች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኩሬው የምትመጣበትን መንገድ በእሾህ ዘግቼባታለሁ። በጸሎት ቤቱም ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«ተናገሩ? በሰው ፊት?»

«ታዲያ ሰው እንዲጠነቀቅ አላስጠንቅቅ?»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌውን በአንድ ቃል «አላዋቂ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሊንዳልቫ ግን ያሳደጓት ሰው ሞኝ እንዳልሆኑ ታውቃለች። ስለዚህ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ሻንጣዋን በቅሎዋ ላይ ሰቅላ፣ ልጓሟን ይዛ ከአጎቷ ጋር እየሄደች መጠየቅ ጀመረች።

«ነጭ ነጩ ብቻ ይላጣል አሉኝ። ጥቁሩ ቆዳ ደኅና ነው?»

«ጤነኛ ነው። ፊዳልጋን ብታያት ጥቁሩ እንደ ሐር ያበራል፤ ነጩ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።»

«ዓይን ታዲያ ቀለም ይመርጣል እንዴ አጎቴ?»

«ለምን አይመርጥ? የሚያምረው ነጩ ነው። ዓይን የሚያርፈው በሚያምረው ላይ ነዋ።»

ልጅቱ ሳትፈልግ ሳቀች። መልሱ ቀላል መልስ አልነበረም። ሽማግሌውም እንደ ረቱ አውቀው ባርኔጣቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«እሺ። ጥላ ሥር መቆም ያበዛሉ? ፀሐይ ይሸሻሉ?»

«ፀሐይማ አይወዱም። ጠዋት እንኳ ከዛፉ ሥር አይወጡም።»

«ምን እየበሉ ነው?»

«በዚህ ድርቅ ምን ይበላሉ? ቁልቋል እሾሁን በእሳት ለብልቤ እቆርጥላቸዋለሁ። ሌላው እግዜር ከዛፍ የሚያወርድላቸው ነው። ካሹ አለ፤ የታምቦሪል ፍሬ አለ። ታምቦሪሉ ዘንድሮ ተባርኮ ነበር፣ ምድሩን ሁሉ አጥቁሮታል። እነሱ መሄድ ቢያቅታቸው እኔ በጆንያ እየለቀምኩ በረታቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ።»

ሊንዳልቫ ቆመች። በቅሎዋም ቆመች።

«በጆንያ?»

«በጆንያ። ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምታዪኝ?»

«አጎቴ፣ እባክዎ ወደ ኤሮቲልዴስ ሳይሄዱ በፊት ወደ ቤት እንመለስ። ከብቶቹን የጎዳ የታምቦሪሉ ፍሬ ይመስለኛል።»

አቶ ኦኖራቶ ልጓሙን ከእጇ ተቀበሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ የተቆጡ ሽማግሌዎች እንደዚያ ነው የሚናገሩት።

«ስሚ። ከባሕር ማዶ የመጣ መኖ ነው ብትዪኝ እሺ ባልኩሽ። ነጋዴ በከረጢት የሚሸጠው፣ ምን እንደ ተቀላቀለበት የማይታወቀው ነገር ነው ብትዪኝም አምንሽ ነበር። ታምቦሪል ግን የዚህ ምድር ልጅ ነው። ማንም አልተከለውም። እኛ ሳንኖር ነበር፣ የዱር አሳማውም ሌላውም አውሬ ሲበላው ኖሯል። የራሱ አገር ፍሬ የራሱን አገር ከብት ይገድላል? እናት ልጇን ታንቃለች?»

«ላም ግን የዚህ አገር ልጅ አይደለችም፤ በመርከብ ነው የመጣችው፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ደግሞም የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የምድርም ሆድ እንዲሁ ነው። ከአንድ አፈር ጣፋጩም መራራውም ይወጣል። ካሹን ይውሰዱ። የሥጋው ጭማቂ ይጠጣል፣ ከሥሩ የተንጠለጠለው ለውዝም ይበላል። ግን ለውዙን ሳይቆሉ ከነቅርፊቱ በጥርስዎ ሰብረው ያውቃሉ?»

«እብድ ነኝ? ከንፈሬን ያቃጥለኛል።»

«የአገሩ ፍሬ አይደለም እንዴ ካሹ?»

አቶ ኦኖራቶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ካሹን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንቺ አታስተምሪኝም። ክፋቱም ጥቅሙም የታወቀ ነው። የአባቴ በሬ በወንድሜ ሠርግ ቀን የረገፈና የፈላ ካሹ ሲበላ ውሎ፣ ከአታሞ መቺዎቹ ቀድሞ ሰክሮ ወደቀ።»

«ያኔ ዓይን ነው አላችሁ?»

«የለም። ሰከረ ነው ያልነው፤ ስንስቅ ነው የዋልነው።»

«ታዲያ አንዱ የአገር ፍሬ በሬ ማስከር ከቻለ፣ ሌላው ላም ማስወረድ ለምን ያቅተዋል?»

ለዚህ ሽማግሌው ወዲያው መልስ አላገኙም። መልስ ማጣትና ማመን ግን አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው መልስ ሲያጣ ይበልጥ ይጸናል። ነገር ግን ልጅቱን ይወዷት ነበርና በቅሎዋን ወደ ቤት አዞሩ። «ኤሮቲልዴስ የትም አይሄድም» አሉ፤ «አይተሽ ሲወጣልሽ እንሄዳለን።»

ቤት ሲደርሱ ፊዳልጋ ሞታ አገኟት። ከዛፉ ጥላ ሥር ተጋድማለች፤ ዝንብ ወርሯታል። ነጩ ጎኗ እንደተባለው ተላጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፣ ጆሮዎቿ አብጠዋል፣ ጥቁሩ አንገቷ ግን እንደ ጥንቱ ያበራል። ሊንዳልቫ በመጽሐፍ ያየችውን ነገር በገዛ ቤቷ ላም ላይ አየች። ይህችን ላም ጥጃ ሳለች በጠርሙስ ያጠባቻት እሷ ነበረች።

አቶ ኦኖራቶ እንጨት መሰብሰብ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላቃጥላት ነዋ። በዓይን የሞተ ከብት ሳይከፈት ሙሉውን ይቃጠላል። ከተከፈተ ነገሩ ወጥቶ ቤት ይገባል፤ አያቴ እንዲህ ነው ያለኝ።»

«ልክፈታት፣ አጎቴ።»

«አይሆንም።»

«ከአፍንጫዋና ከኋላዋ ጥቁር ደም ቢፈስ ኖሮ እኔም አልነካትም ነበር፤ እንደዚያ ያለውን ሬሳ መክፈት ሰውንም ይገድላልና ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ይህችን ግን አይቻታለሁ፣ ያ ምልክት የለባትም። ጓንት ይዣለሁ።»

«ነገሩ ቤቴ ቢገባ ማን ይመልስልኛል? አንቺ ነገ ከተማሽ ትገቢያለሽ።»

«አጎቴ፣ ያ ነገር የዙልሚራ ዓይን ከሆነ ሆዷ ውስጥ ምንም አይገኝም፤ ዓይን ሆድ ውስጥ አይቀመጥም። ያኔ እኔ ራሴ ወደ ኤሮቲልዴስ እሄዳለሁ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምነዋለሁ። እርስዎ ግን አንዲት ሴት ከውኃ ከልክለዋል። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። አያጣሩም?»

ሽማግሌው የያዙትን እንጨት ይዘው ቆሙ። ፍርሃታቸው የእውነት ነበር፤ ይህን አንባቢ መናቅ የለበትም። አያቱ ያሉትን ቃል መሻር ለእንደዚህ ያለ ሰው መቃብር የመቆፈር ያህል ነው። ግን «ከውኃ ከልክለዋል» የሚለው ቃል ከንግግሯ ሁሉ ለይቶ ወጋቸው። በዚያ ደረቅ አገር ውኃ መከልከል ምን እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ክፈቻት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ብዙ ሳይቆይ ግን ፊታቸውን መለሱ። 

ሊንዳልቫ ከጉበቱ ጀመረች። ጉበት ምን እንደሚመስል አቶ ኦኖራቶ ያውቃሉ፤ በዕድሜያቸው ብዙ ከብት አርደዋል። ይህ ጉበት ግን አብጦ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሲነኩት እንደ ሸክላ ጭቃ የሚፈርስ ነበር። ቀጥሎ ጨጓራውን ከፈተች። ሽታው መጣ። የበሰበሰ ሣር ሽታ አልነበረም፤ ጣፋጭ፣ ከባድ፣ አቶ ኦኖራቶ በየቀኑ ከጆንያቸው ውስጥ የሚያሸቱት ሽታ ነበር። የዝንጀሮ ጆሮ የሚመስለው ጥቁር የታምቦሪል ቅርፊት ተፈጭቶም ሳይፈጭም ታጭቆ ነበር። በመካከሉ ጠንካራዎቹ ዘሮች ቡናማ ሆነው፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እያበሩ ይታያሉ። ሣር ብሎ ነገር የለም። ከፍሬ በቀር ምንም የለም።

አቶ ኦኖራቶ ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው አንዱን ፍሬ ሊያነሱ ሲሉ ልጅቱ ያዘቻቸው። 

«ይህን እኔ ነኝ ያበላኋት» አሉ።

ሊንዳልቫ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«መሄድ ሲያቅታት አፏ ድረስ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ፍቅር መስሎኝ። ሲያስወርዱ ደግሞ ጉልበት ያጡ መስሎኝ ጨመርኩላቸው።» ከዚያ በግንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ያን ዕለት ፊዳልጋን በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ነስንሰው ቀበሯት፤ ሥጋዋን ሰውም ውሻም እንዳይነካው። ከቀብሩ በኋላ ባቄላና የካሳቫ ዱቄት ቀርቦ ማንም አልበላም። ሽማግሌው ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር፤ ደግሞም ጥሩ አማኝ የሚወጣው እስከ መጨረሻው ከሚጠይቅ ሰው ነው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «አያቴ ከብት የሚያረባው በእነዚሁ ታምቦሪሎች ሥር ነበር። ፍሬው ያኔም ይረግፍ ነበር። የአያቴ ላሞች ለምን አልሞቱም?»

«በአያትዎ ዘመን ከዛፎቹ ሥር ሣር ነበር?»

«እስከ ጉልበት። ቁጥቋጦውም ገና አልተመነጠረም።»

«እንግዲያውስ ላሞቹ ሲያገኙ አንድ ሁለት ፍሬ ከብዙ ሣር ጋር ይበሉ ነበር። አሁን ሣሩ የለም፣ ቁጥቋጦውም የለም፤ የቀረው ፍሬው ብቻ ነው። የተራበ ከብት ደግሞ አይመርጥም። ችግሩ የፍሬው መኖር ብቻ አይደለም፤ ብዛቱና የላሟ ረኃብ ሲገናኙ ነው።»

«አሳማውስ? አውሬውስ?»

«የአንዱ ሆድ የሌላው ሆድ አይደለም። በቀቀን በርበሬ ስትበላ አላየናትም? እኛ ግን እናለቅሳለን። አንዱ እንስሳ በልቶት ደኅና ዋለ ማለት ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች የአገሩን ፍሬ ሁሉ ለየእንስሳው፣ በየመጠኑ እየፈተኑ ለማወቅ የሚደክሙት። ሁሉን ጨርሰው አላወቁም፤ እኔም ሁሉን አላውቅም። ታምቦሪል ላምን እንደሚጎዳ ግን ታውቋል።»

«ምን አለበት ፍሬው?»

ሊንዳልቫ ተነሥታ አንድ የታምቦሪል ፍሬ ከነቅርፊቱ ሰባብራ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ከተተችና ነቀነቀችው። ነጭ አረፋ እስከ አንገቱ ሞላ። እንዶድ ሲታሽ የሚያወጣው ዓይነት አረፋ ነበር።

«ያሳደገችኝ ባለቤትዎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳሙና ሲያልቅባት በዚህ ልብስ ታጥብ ነበር» አለች። «ቅባት ከጨርቅ የሚያስለቅቅ ነገር ሆድ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንጀቱን ይልጠዋል። ጉበቱ ሲታመም ደግሞ ደም ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ፀሐይ ሲያገኝ ቆዳን ያቃጥላል። ጥቁሩን ቆዳ ቀለሙ ይከልለዋል፤ ነጩ ግን መከለያ የለውም።»

አቶ ኦኖራቶ አረፋው እየሟሸሸ ሲወርድ አዩት።

«እንግዲያ ዓይን አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

«አልነበረም።»

«ዙልሚራ አልነበረችም።»

«አልነበሩም።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉ በፊት የኩሬውን መንገድ የዘጉበትን እሾህ በገዛ እጃቸው አነሡ። ከዚያ ጥቂት የታምቦሪል ፍሬ በባርኔጣቸው ይዘው ብቻቸውን በበቅሎ ወደ ወይዘሮ ዙልሚራ ቤት ሄዱ። ሊንዳልቫ ልከተልዎ ብትልም አልፈቀዱም።

በሩን የከፈተችላቸው የወይዘሮ ዙልሚራ ልጅ ጁሳራ ናት፤ ሕፃን አቅፋለች። መስኮቶቹ በቀን ተዘግተዋል። ወይዘሮ ዙልሚራ ማዕዘን ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድባቸው ድረስ ጠምጥመዋል። ሰውየው ሲገቡ አልዞሩም።

«ኦኖራቶ ነህ? በቅሎህን ከደጃፍ አርቃት፤ ስወጣ እንዳላያት» አሉ።

አቶ ኦኖራቶ ጁሳራን በዓይናቸው ጠየቁ። ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ ከሆነች ቆየች» አለች። «እርስዎ በጸሎት ቤቱ ከተናገሩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ አመነች። ይህ ልጅ ሲወለድ እዚሁ ክፍል ነበረች፤ ጨርቁን ታቀብላለች፣ ውኃውን ታሞቃለች፤ ግን ፊቷን አዙራ ነው። እስከ ዛሬ ልጄን አይታው አታውቅም። ‹ባየው ይሞትብሻል› ትለኛለች።»

አቶ ኦኖራቶ በፊዳልጋ ሆድ ውስጥ ፍሬውን ሲያዩ ደንግጠው ነበር። ያ ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም።  ያን ጊዜ በጸሎት ቤቱ የተናገሩት ቃል ከቤት ቤት ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ እዚህ ማዕዘን መጥቶ አንዲት አያትን ከልጅ ልጇ ፊት እንደ ለያት ገባቸው። መሬት ላይ ከወይዘሮ ዙልሚራ አጠገብ ተቀመጡ።

«ዙልሚራ፣ ላሞቼን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ያዩትን ሁሉ፣ ጉበቱን፣ ጨጓራውን፣ አረፋውን፣ የአያታቸውን ሣር አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ፍሬውንም ከባርኔጣቸው አውጥተው በወይዘሮዋ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ወይዘሮ ዙልሚራ ፍሬውን በጣታቸው ዳሰሱት እንጂ አላዩትም።

«ያኔም እርግጠኛ ነበርክ፣ ኦኖራቶ» አሉ። «ዛሬም እርግጠኛ ነህ። የትኛውን እርግጠኝነትህን ልመን?»

ይህ ጥያቄ ልክ ነው። በሰው ስም የተጫወተ ሰው በኋላ እውነት ይዞ ቢመጣም ከደጅ ቆሞ መጠበቅ አለበት። አቶ ኦኖራቶም አልተከራከሩም።

«እኔን አትመኚ» አሉ። «ሞሬና አለች፣ ያቺ ቀይ ላሜ። እርጉዝ ናት፤ ገና አላስወረደችም። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት የታምቦሪል ፍሬ አትቀምስም። አንቺ ደግሞ ውኃ ስትቀጂ እያት። በየቀኑ እያት፣ እንደ ልብሽ አመስግኛት። ብትወልድ ዓይንሽ ዓይን ብቻ ነው።»

«ባትወልድስ?»

«ባትወልድ የበላችው ቀድሞ ጎድቷታል ማለት ነው፤ እሱም የእኔ እጅ ነው። ይህን ግን አሁን እንድታምኚኝ አልለምንሽም። ነይና እያት ብቻ።»

ወይዘሮ ዙልሚራ ያን ቀን አልመጡም። በነጋታውም አልመጡም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ እንስራቸውን ይዘው፣ ሻሻቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ ከኩሬው ዳር ሆነው ሞሬናን በዓይናቸው ጥግ ሰረቅ አድርገው አይተው ተመለሱ። ላሚቱ ቀና ብላ አየቻቸውና ማመንዠኳን ቀጠለች።

አቶ ኦኖራቶም የራሳቸውን ሥራ ያዙ። በአደባባይ የሰደቡትን ሰው በጓዳ ይቅርታ አይጠይቁትም ብለው፣ እሑድ በጸሎት ቤቱ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ይዘው የተናገሩትን ሁሉ መለሱ።  ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አቶ ኦኖራቶ፣ ዘንድሮ ፍሬውን መርዝ አሉን፤ ከርሞ ጥላውን መርዝ ነው ሊሉን ነው?» አለና ሰው ሳቀ።

«ጥላውማ ጥላ ነው፤ እኔም ዛፉን አልቆርጥም» አሉ ሽማግሌው ሳይቆጡ። «ዛፉ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፍሬው ሳይረግፍ ሥሩን በእሾህ እጠሩት፤ የረገፈውን ጥረጉና ከከብቱ አርቃችሁ ቅበሩት። ካሹንም ስትሰጡ ትኩሱን ጥቂት ጥቂት ስጡ እንጂ ተከምሮ የፈላውን አታስጠጉ። ‹የአገራችን ነው› ብላችሁ አትመኑ፤ ‹የአገራችን ነው› ብላችሁም አትጥሉ። ጠይቁ። ላም ስትሞትባችሁ ደግሞ ከጎረቤታችሁ ዓይን በፊት ሆዷን እዩ።»

የቀለደው ጎረምሳ ያን ሳምንት የእሱም ላም አስወረደችበት። ወደ አቶ ኦኖራቶ ቤት የመጣው በጓሮ በኩል ነው። እሳቸውም ሳይኮሩበት አጥሩን አብረውት አጠሩ።

ሊንዳልቫ ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ሄደች። ድርቁ አለፈ፤ ዝናብ መጣ፤ ያ ግራጫ ቁጥቋጦ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ነገሩን ሰምተው ፍሬውን ያጠሩት ቤቶች ጥጃ አገኙ፣ ጥጃ ሲገኝ ወተት ተገኘ፣ አይብ ተሠራ፣ ሕፃናት ጠገቡ። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ይህኛው ለዓይን አይታይም እንጂ ከወተቱ ይበልጣል። ከብት በታመመ ቁጥር ማን አየው ከማለት ምን በላ ማለት ተለመደ። በላጎዋ ሴካ ከዚያ በኋላ በዓይን የተከሰሰ ጎረቤት አልነበረም።

ሞሬና የወለደችው ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ ነው። ወይዘሮ ዙልሚራ ውኃ ሊቀዱ ሲመጡ አቶ ኦኖራቶ ከበረቱ ደጃፍ ሆነው ጠበቋቸው፤ አልጠሯቸውም፣ ራሳቸው እንዲያዩት ነበር የፈለጉት። ጥጃው ቀጭን እግሮቹን ለያይቶ፣ እየተንገዳገደ፣ የእናቱን ጡት ይፈልጋል። ወይዘሮ ዙልሚራ አጥሩን ይዘው ቆሙ። ብዙ አዩት። በዓይናቸው ጥግ ሳይሆን ትክ ብለው፣ ጥጃው ጡቱን እስኪያገኝ ድረስ አዩት። ከዚያ እንስራቸውን እዚያው ትተው ወደ ቤታቸው ፈጥነው ተራመዱ።

አቶ ኦኖራቶ እንስራውን ሞልተው፣ ተሸክመው ተከተሏቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ዙልሚራ ሻሻቸውን አውልቀው ሕፃኑን ከጁሳራ እጅ ተቀብለዋል፤ በሁለት እጃቸው ከፊታቸው ትይዩ ይዘው ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን አንድ በአንድ ያያሉ። ጁሳራ አፏን በእጇ ሸፍናለች። ሕፃኑ ያን ፊት አይቶት አያውቅምና በመጀመሪያ አፈጠጠ፤ ቀጥሎ ከንፈሩን አጣመመና ምርር ብሎ አለቀሰ። ጁሳራ ልትወስደው እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ዙልሚራ፣ ዓይናቸውን ከልጁ ሳያነሡ። «ያልቅስ። ይለምደኛል።»